አገር የሆኑ ጨዋታዎች

ከጽሑፍ ዋሻ እስከ እጅ ስልክ፦ የኦንላይን የሚና ጨዋታዎች ታሪክና ዓይነቶች

(በዚህ ዘገባ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 8 ቀን 1997። ብሪታኒያ በምትባል የኮምፒዩተር ውስጥ አገር ንጉሡ ሎርድ ብሪቲሽ ዘውዱን ደፍቶ ሕዝቡ ፊት ቆሟል። ንጉሡን የሚያንቀሳቅሰው ሪቻርድ ጋሪዮት ነው፤ «አልቲማ ኦንላይን» የተባለውን ጨዋታ የፈጠረው ሰው። ጨዋታው ገና ለገበያ አልቀረበም፤ የሙከራው ማብቂያ ስለሆነ ተጫዋቹ ንጉሡን ለማየት ተሰብስቧል። ከሕዝቡ መካከል ሬይንዝ የሚል ስም የያዘ ተጫዋች ከሌላ ሰው ከረጢት የመነተፈውን የእሳት ድግምት አውጥቶ በንጉሡ ላይ ለቀቀው። ጋሪዮት አልደነገጠም፤ ንጉሡ እንዳይሞት ተደርጎ የተሠራ ነውና። የዘነጋው አንድ ነገር ነበር። ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሣ፣ ንጉሡን የማይሞት የሚያደርገውን ምልክት መልሶ አላበራውም። ሎርድ ብሪቲሽ ሁሉም እያየው ተቃጥሎ ሞተ።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ከግድያው የባሰ ነበር። የኩባንያው ሰዎች አጋንንት ጠርተው በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ለቀቁበት፤ በነገሩ እጁ የሌለበት ሁሉ አብሮ አለቀ። ሬይንዝም ከጨዋታው ተባረረ። ኩባንያው ያባረርኩት ንጉሥ ስለገደለ ሳይሆን ቀደም ሲል የጨዋታውን ስሕተቶች ያለ አግባብ ሲጠቀም ስለተገኘ ነው ቢልም፣ ውሳኔው ከተጫዋቾች ተቃውሞ ገጠመው። ገና ያልተመረቀችው አገር ንጉሥ ገዳይ፣ የጅምላ ቅጣትና ተቃዋሚ በአንድ ሰሞን አገኘች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ተመሳሳይ ጨዋታዎች ሁሉ የዚያን ዕለት ጥያቄ ወርሰዋል። ፍላጎታቸው የማይገናኝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ዓለም ሲኖሩ ሕግ የሚያወጣው ማነው? ሕጉ ሲጣስስ የሚዳኘው? የጨዋታዎቹ ዓይነት የበዛው ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ስለበዛ ነው።

ማሽኑ ሲጠፋ የማይጠፋ

ጌም ሲባል ለአዲስ አበባ ልጅ ቀድሞ ትዝ የሚለው የሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ኳሱ ያልቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ነገ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በምኅጻር ኤምኤምኦአርፒጂ የሚባሉት የኦንላይን የሚና ጨዋታዎች ግን እንዲህ አይደሉም። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፤ ተዋጊ፣ ሐኪም፣ አስማተኛ፣ አንጥረኛ ወይም ነጋዴ። ገጸ ባሕርዩ የሚኖርበት ዓለም በኩባንያው ሰርቨር ላይ ሌት ተቀን ይሠራል። ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ገበያው ይቆማል፣ ምሽግ ይያዛል፣ ጎረቤት ይከብራል። በማግስቱ ሲገባ ትናንት የተወው ሰይፍ፣ ብርና ዕዳ ይጠብቀዋል።

የሁሉም አያት በኮምፒዩተር የተሠራ እንኳ አይደለም። በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተሰኘውን የጠረጴዛ ጨዋታ አሳተሙ። ጓደኛሞች ዳይስ ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ደረጃ፣ ነጥብ፣ የሙያ ክፍፍል፣ ከዋሻ ሀብት መፈለግ፦ ዛሬ በስክሪን የምናየው ሁሉ መነሻው ያ ጠረጴዛ ነው።

ወደ ኮምፒዩተር ያሻገሩት ተማሪዎች ናቸው። በ1978 በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮይ ትራብሾው መድ የተባለውን ጨዋታ ጀመረ፤ በ1980 ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ ቀጠለው። ሥዕል የሚባል ነገር የለውም። ተጫዋቹ ወደ ሰሜን ልሂድ ብሎ ይተይባል፤ ማሽኑ የደረሰበትን ቦታ በጥቂት መስመር ይገልጽለታል። እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ስሙ ብቅ ይላል። ያ ስም በሌላ ክፍል ወይም በሌላ ከተማ ተቀምጦ የሚተይብ እውነተኛ ሰው ነው። አዲስ ነገር የነበረው ይኸው ነው።

ባርትል ከሠራተኛ መደብ የወጣ ሰው ነው። የእንግሊዝ ኅብረተሰብ ሰውን በትውልዱ የሚመዝንበትን ልማድ ይጠላ ነበር፤ ሰው በሥራው ብቻ የሚያድግበት ዓለም ለመሥራት እንደፈለገም በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። በመድ ውስጥ በቂ ነጥብ ያከማቸ ማንም ተጫዋች ጠንቋይ የሚባለውን ማዕረግ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ በዓለሙና በሌሎች ተጫዋቾች ላይ ሥልጣን አለው። ከጥንቱም ጨዋታው የአገዛዝ ሐሳብ ነበረበት ማለት ነው።

በ1996 ባርትል ለዓመታት ያየውን በአንድ ጽሑፍ አሰፈረ። ወደነዚህ ዓለማት የሚገባው ሰው አራት ዓይነት ነው አለ። አንዱ ነጥብና ማዕረግ ይፈልጋል። አንዱ ዓለሙን መመርመር፣ ማንም ያልደረሰበትን ጥግ ማግኘት ይወዳል። አንዱ የሚገባው ለወግና ለወዳጅነት ነው። አራተኛው ደስታውን የሚያገኘው ሌላውን በማጥቃት ነው። ዋናው ትምህርቱ ስለ ሚዛን ነው፦ አጥቂው ሲበዛ ወግ ወዳዱ ይሸሻል፤ ወግ ወዳዱ ሲሸሽ ዓለሙ ባዶ ይሆናል፤ አጥቂውም የሚያጠቃው ያጣል።

ጥንቸሉን ማን በላው?

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በስልክ መስመር፣ በሰዓት ሒሳብ ይሸጡ ስለነበር የባለጠጋ መዝናኛ ነበሩ። ኢንተርኔት ሲስፋፋና ክፍያው ወርኃዊ ሲሆን ነገሩ ተለወጠ። «ሜሪዲያን 59» በ1996፣ «አልቲማ ኦንላይን» በሴፕቴምበር 1997 ወጡ። የኋለኛው 100,000 ከፋይ ደንበኛ ያገኘ የመጀመሪያው ጨዋታ ሆነ።

የአልቲማ ሠሪዎች ሕልማቸው ትልቅ ነበር። ራፍ ኮስተር የተባለው ንድፍ አውጪና ባልደረቦቹ ሕይወት ያለው ተፈጥሮ ሊሠሩ አሰቡ። ሣር ይበቅላል፣ ጥንቸል ሣሩን ይበላል፣ ተኩላ ጥንቸሉን ይበላል፤ ጥንቸል ያጣ ተኩላ ወደ መንደር ይወርዳል፣ ያኔ ተጫዋቹ ተኩላ የማደን ሥራ ያገኛል። በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በሩ ሲከፈት ግን ተጫዋቾቹ እንደ አንበጣ ወረዱበት፤ ጥንቸሉም ተኩላውም ሳይራባ አለቀ። ተፈጥሮው ሥራ መጀመሩን እንኳ ማንም ስላላስተዋለ ሠሪዎቹ አወጡት።

ሁለተኛው ፈተና ወንበዴ ነበር። ከከተማ የወጣ ጀማሪ መንገድ ላይ ይገደላል፣ ንብረቱ ይዘረፋል። ኩባንያው መጥፎ ስም የሚለጥፍ ሕግ ቢያወጣ ወንበዴው ማምለጫ አያጣም፤ ተጫዋቾች ራሳቸው ዘብ ቢያደራጁም አልበቃም። በ2000 ዓለሙ ለሁለት ተከፈለ፦ ፌሉካ በሚባለው መግደል እንደ ቀድሞው ተፈቀደ፣ ትራሜል በሚባለው ያለ ፈቃድ ማጥቃት ተከለከለ። ብዙው ሰው ሰላሙን መረጠ። አደጋው የጨዋታው ነፍስ ነበር የሚሉት ግን ዛሬም ድረስ ያንን ውሳኔ ይረግማሉ።

ክርክሩ ዛሬም የጨዋታዎቹ አንድ መለያ ሆኗል። ሰው ከማሽኑ ፍጥረታት ጋር ብቻ የሚዋጋባቸው አሉ፤ ሰው ከሰው የሚዋጋባቸው አሉ፤ ሁለቱን በየሰርቨሩ ወይም በየቀጠናው የለያዩም አሉ። በደቡብ ኮሪያ በ1998 የወጣው «ሊኔጅ» የሰው ለሰው ጦርነትን መሠረቱ አደረገ። ተጫዋቾች በቃል ኪዳን ማኅበር ይደራጃሉ፣ ግንብ ይከባሉ፤ ግንቡን የያዘው ማኅበር በከተማው ገበያ ላይ ግብር ይጥላል። ከ1997ቱ የእስያ የገንዘብ ቀውስ በኋላ በየመንገዱ የተከፈቱት ፒሲ ባንግ የሚባሉ የኮምፒዩተር ቤቶች ሊኔጅን አሳደጉት፤ ሊኔጅም እነሱን አስሞላ።

በሰዓት 3 ዶላር ከ42 ሳንቲም

በማርች 1999 የወጣው «ኤቨርክዌስት» ሌላ መንገድ መረጠ፦ ሰው ሰውን እንዲፈልግ ማስገደድ። ተዋጊው ምት ይቀበላል፣ ካህኑ ቁስል ያድናል፣ አስማተኛው ጠላትን ያፈዛል ወይም ያቃጥላል። አንዱ ከጎደለ ሁሉም ይሞታል። ሞቱም ቀላል አይደለም። ሬሳው ከነንብረቱ በወደቀበት ይቀራል፤ ባለቤቱ ራቁቱን ተነሥቶ፣ የገደሉትን አውሬዎች እያለፈ፣ ዕቃውን ሊያነሣ ይሮጣል። ብዙ ጊዜም ሁለተኛ ይሞታል። ጥሩ ሽልማት የሚሰጥ አውሬ የሚወጣበት ቦታ ላይ ተጫዋቾች ተራ ይይዛሉ፤ ስም ዝርዝሩን የሚይዘው ከራሳቸው አንዱ ነው። ያን ወረፋ ያወጣው ኩባንያው አይደለም። ተራ የሰረቀ ሰው ስሙ በሰርቨሩ ሙሉ ይወራና ቡድን የሚያስገባው ያጣል።

ኤድዋርድ ካስትሮኖቫ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር ይህን ዓለም በ2001 አጠና። ተጫዋቾች ሰይፍና ገንዘባቸውን ከጨዋታው ውጭ በእውነተኛ ዶላር ይሸጡ ስለነበር የዓለሙን ገንዘብ መመንዘር ይቻል ነበር። ካስትሮኖቫ አስልቶ የአንድ ተጫዋች የሰዓት ምርት 3 ዶላር ከ42 ሳንቲም፣ የነፍስ ወከፍ ምርቱም 2,266 ዶላር መሆኑን ጻፈ። በመሬት ላይ ያለ አገር ቢሆን ኖሮ በሩሲያና በቡልጋሪያ መካከል ይቀመጥ ነበር።

ሒሳቡ የቀልድ ይመስል ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ። በቻይና በፈረቃ እየሠሩ የጨዋታ ወርቅ ሰብስበው ለምዕራባውያን የሚሸጡ ወጣቶች በዙ። ቬኔዝዌላ በዋጋ ንረት ስትመታ ደግሞ በጎወር ወንድማማቾች በእንግሊዝ የተፈጠረው፣ በ2001 የወጣውና በደካማ ኮምፒዩተር የሚሠራው «ሩንስኬፕ» ለብዙ ሰው የዶላር ምንጭ ሆነ። ቀኑን ሙሉ ዘንዶ ሲገድል የሚውለው ወጣት በአገሩ ደመወዝ ከሚያገኘው የተሻለ ያገኝ ነበር። ሌላው ተጫዋች ግን ወርቅ ሻጩን ገበያ አበላሽ ይለዋል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

የተዘጋጀ ጉዞና ባዶ ሜዳ

ዛሬ የዘርፉ ሰዎች እነዚህን ጨዋታዎች ሲከፍሉ በአብዛኛው ሁለት ትልልቅ ወገን ይላሉ። አንደኛው መንገዱ የተዘጋጀለት ነው፤ ተጫዋቹ ሠሪዎቹ የጻፉትን ታሪክና ተልዕኮ እየተከተለ ያድጋል። ሁለተኛው ባዶ ሜዳ ነው፤ ሠሪዎቹ መሣሪያውን ይሰጣሉ፣ ታሪኩን ተጫዋቹ ይሠራል።

የመጀመሪያው ወገን አውራ በኖቬምበር 2004 የወጣው «ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት» ነው። የኤቨርክዌስትን መከራ አቀለለው። ሰው ብቻውንም ያድጋል፤ ተልዕኮ የሚሰጠው ሰው አናቱ ላይ ወርቃማ ቃለ አጋኖ ስላለ ማንም አይጠፋበትም፤ ሞትም ቅጣቱ ትንሽ ነው። ወደ ትልቁ ዋሻ ለመግባት ወረፋ የለም፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ቅጂ ያገኛል። ወደ 15 ዶላር በሚጠጋ ወርኃዊ ክፍያ በኦክቶበር 2010 ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ደረሰ።

እንዲህ በጥንቃቄ የተሰናዳውም ዓለም ያልታሰበ ነገር አላጣም። በሴፕቴምበር 2005 ሐካር የተባለ ጭራቅ ያለበት አዲስ ዋሻ ተከፈተ። ጭራቁ የሚለቅቀው የደም ደዌ አጠገብ ወዳለ ሰው ይተላለፋል፤ ከዋሻው ግን እንዳይወጣ ታስቦ ነበር። አዳኞች የሚመሯቸው እንስሳት ደዌውን ይዘው ወጡና ከተማ ውስጥ አራገፉት። ደካማው ጀማሪ ወዲያው ይሞታል። በማሽኑ የሚንቀሳቀሱት ባለሱቆች ሳይታመሙ ያስተላልፋሉ። የሚያድኑት ሐኪሞች በፈቃዳቸው መጥተው ሕሙማኑን ማከም ጀመሩ፤ አንዳንዱ ወደ ገጠር ሸሸ፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ በሽታውን ተሸክሞ ጤነኛ ወዳለበት ሄደ። ኩባንያው ለይቶ ማቆያ ቢሞክር አልሠራለትም፤ በመጨረሻ ሰርቨሮቹን መልሶ ማስነሣት ግድ ሆነበት። በ2007 ኒና ፌፈርማንና ኤሪክ ሎፍግሬን ክስተቱን ላንሰት ኢንፌክሽየስ ዲዚዝስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ተነተኑት፤ ኮቪድ ሲመጣም ጥናቱ እንደገና መነበብ ጀመረ።

የሁለተኛው ወገን አውራ በሜይ 2003 ከአይስላንድ የወጣው «ኢቭ ኦንላይን» ነው። ዓለሙ ጠፈር ነው፤ መርከቡን፣ ጥይቱን፣ ምሽጉን የሚያመርቱት በአብዛኛው ተጫዋቾች ናቸው። ማታለል፣ መሰለልና ገንዘብ ይዞ መሰወር አይከለከልም። ሠሪው ሲሲፒ በ2007 የገበያውን ሁኔታ የሚከታተል ኢኮኖሚስት ቀጠረ፤ በ2008 ደግሞ ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተው የሚመርጡት ምክር ቤት አቋቋመ።

በጃንዋሪ 27 ቀን 2014 አንድ ኅብረት ለያዘው የጠፈር ግዛት የሚከፈለው የይዞታ ሒሳብ ሳይከፈል ቀረ። ግዛቱ ባለቤት አልባ ሆነ፤ ጠላት ገባ። ከዚያ በኋላ ለ21 ሰዓት በቆየው ውጊያ ከ7,500 በላይ ገጸ ባሕርያት ተሳተፉ፤ ታይታን የሚባሉ፣ ለመሥራት ወራት የሚፈጁ 75 ግዙፍ መርከቦች ወደሙ። ኪሳራው በእውነተኛ ገንዘብ ከ300,000 ዶላር በላይ ተገመተ። ማንም ይህን ጦርነት አልጻፈውም። መነሻው የተረሳ ክፍያ ነበር።

ከፋዩ ማነው?

ሦስተኛው መለያ ክፍያ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ዘርፉ ክፉኛ የተለወጠው። ወርኃዊ ክፍያ ሁሉንም እኩል ያደርጋል፤ ችግሩ 15 ዶላር ለአንዱ የምሳ ዋጋ፣ ለሌላው የሳምንት ወጪ መሆኑ ነው። የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሰው በሩ ከናካቴው ዝግ ነው፤ እንደኛ ባሉ አገሮች እነዚህ ጨዋታዎች ያልተስፋፉበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል። በ2005 የወጣው «ጊልድ ዎርስ» አንድ ጊዜ ገዝቶ ያለ ወርኃዊ ክፍያ መጫወትን አስለመደ። በ2009 እና በ2010 እንደ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን» ያሉ ትልልቅ ጨዋታዎች መግቢያቸውን ነጻ አድርገው በውስጥ ሱቅ ወደ መኖር ዞሩ።

በሩ ነጻ ሲሆን ሱቁ ሥልጣን ያዘ። ስልክ ላይ ሲደርስ ደግሞ ጨዋታው ራሱን በራሱ መጫወት ጀመረ፤ ገጸ ባሕርዩ ብቻውን ይዋጋል፣ ባለቤቱ ዕጣ ይገዛል። «ሊኔጅ 2 ሪቮሉሽን» በ2016 መጨረሻ በኮሪያ ሲወጣ በመጀመሪያው ወር ብቻ 206 ቢሊዮን ዎን አስገባ። ገንዘቡ የሚመጣው በአብዛኛው ከዕጣ ሳጥን ነው፤ ተጫዋቹ ከፍሎ ይከፍተዋል፣ የሚወጣለትን አያውቅም። ቤልጂየም በ2018 ይህን ቁማር ነው አለች። የደቡብ ኮሪያ የንግድ ውድድር ባለሥልጣን በጃንዋሪ 2024 ኔክሰን የተባለውን ኩባንያ «ሜፕልስቶሪ» በተሰኘው ጨዋታው የዕጣውን ዕድል ለተጫዋቾች ሳይነግር ቀንሷል ብሎ ከ11 ቢሊዮን ዎን በላይ ቀጣው። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ኩባንያዎች የዕጣውን ዕድል በቁጥር እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። የጨዋታ ዓለም ንጉሥ ሕዝቡን ሲያታልል የመሬቱ መንግሥት የገባበት አንድ ምሳሌ ነው።

ከማን ጋር?

መንግሥታት የገቡበት ሌላም በር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስን አካትቷል፤ ሰው መቆጣጠር ሲያቅተውና ሌላው ኑሮው ሲናጋ ማለት ነው። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በኦንላይን የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን፣ ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን አዘዘች። ጉዳቱ የሌለ ነገር አይደለም፤ እነዚህ ዓለማት ማለቂያ እንዳይኖራቸው ተደርገው ይሠራሉና።

ግን ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ሰው ግማሹን አያይም። ማትስ ስቲን የተባለ ኖርዌያዊ ወጣት ጡንቻን በሚያመነምን በሽታ ተይዞ የመጨረሻ ዓመታቱን በአብዛኛው ኮምፒዩተር ፊት አሳለፈ። በ2014 በ25 ዓመቱ ሲሞት ወላጆቹ ልጃችን ወዳጅ ሳይኖረው ሄደ ብለው አዘኑ። ማረፉን በራሱ ገጽ ላይ ሲያሳውቁ ከማያውቋቸው ሰዎች መልእክት ጎረፈ። ልጃቸው በወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ውስጥ ኢብሊን በሚል ስም የሚያጽናና፣ የሚመክር፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሰው ነበር። በጨዋታው ውስጥ የነበረበት ማኅበር አባላት ከየአገሩ ተነሥተው ቀብሩ ላይ ተገኙ። በ2024 የወጣው ዘጋቢ ፊልም ታሪኩን ለዓለም አዳረሰው።

ቤቱ ሲዘጋ

የእነዚህ አገሮች ትልቁ ጉድለት ዜጋው ምንም የእኔ የሚለው ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ደግ ባለቤት ይገጥማል፦ የጃፓኑ ስኩዌር ኢኒክስ በ2010 ያወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 14» በውድቀት ሲጀምር ናኦኪ ዮሺዳ የተባለው መሪ ዓለሙን በኖቬምበር 2012 ጨረቃ አውርዶ አፈረሰውና በኦገስት 2013 አዲስ አድርጎ ከፈተው፤ ዛሬ ከስኬታማዎቹ አንዱ ነው። «ስታር ዎርስ ጋላክሲስ» ግን በዲሴምበር 2011 ተዘጋ፤ «ሲቲ ኦፍ ሂሮስ» በኖቬምበር 2012። ሰዎች ዓመታት የገነቡት ቤት፣ ስምና ማኅበር በአንድ ሌሊት ጠፋ።

ተጫዋቾች ግን ዝም አላሉም። ጨዋታ ተሸጦ ከተገዛ በኋላ እንዳይገደል የሚጠይቀው የአውሮፓ ዜጎች ፊርማ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ሲቲ ኦፍ ሂሮስንም አፍቃሪዎቹ በራሳቸው ሰርቨር መልሰው አስነሡት፤ ባለመብቱ ኤንሲሶፍት በጃንዋሪ 2024 ፈቃድ ሰጣቸው። ዛሬ ያንን ዓለም የሚያስተዳድሩት ነዋሪዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ለመግባት ያሰበ ሰው ከሥዕሉ ውበት በፊት አስተዳደሩን ይመርምር፦ ሰው ሰውን ማጥቃት የሚችለው የት ነው፣ ሱቁ የሚሸጠው ጌጥ ነው ወይስ ጉልበት፣ ዕጣ አለበት ወይ፣ ጨዋታው ቢዘጋስ ምን ይተርፋል? ልጁ እዚያ የሚውል ወላጅም ስንት ሰዓት ተጫወትክ ከማለት ጋር ከነማን ጋር ነው የምትውለው፣ ገንዘብስ ታወጣለህ ወይ ብሎ ይጠይቅ። ልጅ የት አገር እንደሚኖር ማወቅ የወላጅ ግዴታ ነው።